በአሜሪካንኛህ የሳቅሁት እኔ ነኝ

ውድ ካርል፣

በመጀመሪያ እማዬ ደህና ናት። ይህን ያስቀደምኩት ከእኔ በፖስታ ደብዳቤ ሲመጣልህ ልብህ ቀጥ እንዳይል ብዬ ነው። ጉልበቷ እንደ ልማዱ ነው። የመስሚያ መሣሪያዋን አሁንም የሻይ ማንኪያ መሳቢያ ውስጥ ትረሳዋለች። ጎረቤቶቿን ሁሉ ታማለች፤ ስለዚህ ጤነኛ ናት።

እኔም ደህና ነኝ። ያው አውቶቡስ፣ ያው መስመር፣ ከሃል ከተማ መሀል ተነስቼ በሄስል ሮድ እስከ ድልድዩ። ዛሬ እረፍቴ ስለሆነ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። እስካሁን ሦስት ወረቀት ቀድጄ ጥያለሁ። አንዱ በይቅርታ ይጀምር ነበር፣ አንዱ በቀልድ፣ ሦስተኛው ስለ አየሩ ጠባይ ነበር። አራተኛው ይኸው፤ በቀጥታ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ባለፈው ፌብሩዋሪ ሰው ሁሉ የተቀባበለው ቪዲዮ አለ አይደል? አንዲት ሴት በአሜሪካንኛህ ስትስቅ፣ ስትስቅ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ስትስቅ የሚሰማበት? ፊቷ አይታይም፤ ሳቋ ብቻ ነው። ያቺ ሴት እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገርህ።

«ጨው በደጃፍ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ እዚህ ሰፈራችን ሲቀረጽ አንተ አሥራ ሦስት ዓመትህ ነበር፣ እኔ ሃያ ሰባት። አባዬ በሁለተኛው ክፍል ላይ የዓሣ ጋሪ እየገፋ ከመርማሪ ሃርፐር ኋላ ያልፋል። አራት ሰከንድ ነው። እሱ ግን እስኪሞት ድረስ «እኛ ያንን ድራማ ስንሠራ» ማለቱን አልተወም። ለምን እንደዚያ እንደወደድነው አንተም ታውቃለህ። መርማሪው ስሙን ሲናገር «ሃፓ፣ ሃባ ፖሊስ» ነበር የሚለው፤ የወደብ ፖሊሱ ሃርፐር ነኝ ማለቱ ነው። እንደኛው፣ በቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን «ር» ጭራሽ ሳያውቃት። ከዚያ በፊት በቴሌቪዥን እንደኛ የሚያወራ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ነው። እሱ ግን ዋናው ሰው ነበር።

የድራማውን የአድናቂዎች ገጽ የማስተዳድረው እኔ ነኝ፤ ይህንንም ታውቃለህ። አሥራ አንድ ሺህ ሰው አለን። አሜሪካኖቹ ወስደው እንደገና ሊሠሩት ነው፣ ታሪኩም ከእንግሊዟ ሃል ወደ አሜሪካው ሜይን ግዛት ሊዛወር ነው ሲባል፣ ገጹ ላይ ለቅሶ ተቀመጥን። ከሳምንት በኋላ ሃርፐርን የሚጫወተው የኛው ካርል ነው ተባለና ለቅሶው ሰርግ ሆነ። አውቶቡሴ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ጨበጡኝ። ኩራቴን አልደብቅህም፤ በዚያ ሳምንት ማቆሚያ ባልሆነ ቦታ ሁሉ አቁሜ ሰው ጭኛለሁ።

ከዚያ የአዲሱ ድራማ ማስታወቂያ ቅንጭብ ወጣ። ማንዲ፣ ያቺ ከእኔ ጋር በአንድ የአውቶቡስ ዴፖ የምትነዳው፣ ከሥራ በኋላ ቤቴ መጥታ ነበር። የድንች ጥብስና በሊጥ ተለብጦ የተጠበሰ ፓቲ ገዝተን ቀዩን ቅመም ነስንሰንበት እግራችንን ሰቅለን ተቀምጠናል። ማንዲ ለገጹ ማስታወሻ ይሆናል ብላ ስልኳን ወደ ቴሌቪዥኑ ደግና ትቀርጻለች። አንተ ከጭጋጉ ውስጥ ወጣህ። ኮትህ ያምራል፤ ፂምህም ያምራል። አፍህን ከፈትክና፣

«እኔ ሃርርፐርር ነኝ፤ ከሃርርበርር ፖሊስ» አልክ።

ካርል፣ ድንቹ በአፍንጫዬ ሊወጣ ነበር። «ር»ዋን ውሻ አጥንት እንደሚይዝ ይዘህ አልለቅም ያልካት መሰለኝ። ያን ስም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ዓይነት ስሰማው ኖሬ ከገዛ ወንድሜ አፍ እንደዚያ ሲወጣ፣ ሳቄን የሚያቆመው ነገር አልነበረም። ማንዲ ራሷ እየሳቀች ስለነበር ስልኩ ይንቀጠቀጣል። ሲያበቃ «ልለጥፈው?» አለችኝ።

«ለጥፊው» አልኳት።

ስለዚህች አንዲት ቃል ነው ወረቀት ስቀድ የዋልኩት። ሳቁ በራሱ ክፉ ሳቅ አልነበረም። የገዛ ወንድምህ እንደ ፊልም ካውቦይ ሲያወራ ብትሰማ አንተም ትስቃለህ። «ለጥፊው» ያልኩት ግን በሌላ ልብ ነው። አባዬ ታሞ አልጋ ላይ በዋለበት ዓመት አንተ ሦስት አገር ዞረህ ስትቀርጽ፣ እኔ ከፈረቃ ወጥቼ እሱን አጥቤ፣ እማዬን አብልቼ፣ እንደገና ፈረቃ እገባ ነበር። ለቀብሩ ሁለት ቀን መጥተህ ንግግር አደረግህ። ንግግርህ ጥሩ ስለነበር ሰው ሁሉ «ካርል እንዴት ያለ ልጅ ነው» እያለ ሄደ። ያን ቀን ምንም አላልኩህም። ከዚያ በኋላም አላልኩህም። ባላልኩት ቁጥር እየጠነከረ ሄዶ፣ በመጨረሻ በማንዲ ስልክ ላይ በሳቅ መልክ ወጣ። ሳቄ ውስጥ ትንሽ መርዝ ነበረችበት። ሌላ ሰው ላያውቃት ይችላል፤ እኔ ግን አውቃታለሁ።

የሆነውን ከዚያ ወዲህ አንተም አይተኸዋል። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሚሊዮን ሰው አየው። አንዱ «መኪናው አልነሳ ያለው ሰው ይመስላል» ብሎ ጻፈ። አንዱ «ከሜይን ነኝ ይላል፤ የቴክሳስ ከብቶች መሀል ያደገ ነው የሚመስለው» አለ። አንድ አሜሪካዊ ደግሞ በጣም ተጨንቆ «ይህ ሰው ከየትኛው አሜሪካ ነው? እኛ የማናውቀው ሌላ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ጠዋት የምጭናቸው የትምህርት ቤት ልጆች ሲወርዱ «እናመሰግናለን ሾፌርርርር» ይሉኝ ጀመር። የሰፈራችን ክበብ ቡና ቤት ኃላፊ ትሬቨር፣ ያ ግዙፉ፣ ደረቱ ላይ ሦስት ትልልቅ «ር» የታተመበት ጥቁር ካናቴራ አሠርቶ ለደንበኞቹ አደለ። እኔም አንድ አለኝ። ለብሼውም ገበያ ሄጃለሁ። ይኸው ሁሉንም ተናገርኩ።

አንተም መደወል አቆምክ። እሁድ እሁድ የምትደውልልኝ ሰው፣ ለእማዬ ብቻ አጭር መልእክት መላክ ጀመርክ። «አወቀብኝ» አልኩ። ቀጥዬ ደግሞ «ቢያውቅ ይሰድበኝ ነበር» አልኩ። እንዲህ ስል፣ እንዲያ ስል፣ እኔም ሳልደውል ቀረሁ።

ኤፕሪል ላይ የመጀመሪያው ክፍል ወጣ። ከእማዬ ጋር ሶፋው ላይ ሆነን አየነው። በየ«ር»ዋ እየተሸማቀቅሁ ትራሱን አቅፌ ተቀምጫለሁ። እማዬ ግን ፊቷ በርቷል። ሲያበቃ እጄን መታ መታ አደረገችና «እንዴት ጥርት አድርጎ ይናገራል! አንዲት ቃል አላመለጠችኝም» አለች። ዞር ብዬ ጆሮዋን ሳየው ባዶ ነው። መስሚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ከስር የሚሄደውን ጽሑፍ ነበር ስታነብ የቆየችው። በመላው ሃል በአነጋገርህ ቅር ያልተሰኘች አንዲት ሰው እሷ ነበረች።

እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነበር ብዬ ራሴን ማታለል እችል ነበር። ሦስተኛው ክፍል ከወጣ በኋላ ግን አንድ ሰው ገጻችን ላይ አንድ ወሬ ለጠፈ። አዘጋጆቹ በቀሩት ክፍሎች ድምፅህን አውጥተው በሌላ ሰው ድምፅ ሊተኩት እያሰቡ ነው ይላል። ፊትህ ይኖራል፤ ድምፁ የሌላ ሰው ይሆናል። አውቶቡሱን ድልድዩ ሥር አቁሜ ነበር ያነበብኩት። መነሻ ሰዓቴ አልፎ ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ማጉረምረም እስኪጀምሩ ድረስ መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። በልጅነትህ መታጠቢያ ቤት ገብተህ በር ቆልፈህ የሰው ድምፅ ስትለማመድ በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ እስቅብህ እንደነበር ትዝ አለኝ። አንተ ሰምተህ ዝም ትላለህ። ከዚያ ቧንቧውን ከፍተህ በውሃው ድምፅ ውስጥ ተደብቀህ ትቀጥላለህ። አሁን ግን ዝም ሊያሰኙህ ነው፤ ሰበቡን ያቀበልኳቸውም እኔ ነኝ።

ሰው ሲያጠፋ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ሌላ ጥፋተኛ ፈለግሁ። ሜይን ውስጥ ያሉ አድናቂዎች የራሳቸው ገጽ አላቸው። እዚያ ወይዘሮ ዋኔታ ፔልቲየር የሚባሉ ሴት ሰኞ ሰኞ ጠዋት የጥፋት ዝርዝር ያወጡብህ ነበር፤ በየስንተኛው ደቂቃ የትኛውን ቃል እንዳበላሸህ ተዘርዝሮ። የመጀመሪያው ክፍል አርባ አንድ፣ ሁለተኛው ሠላሳ ስምንት፣ ሦስተኛው አርባ አራት። እንዲህ ብዬ ጻፍኩላቸው፦ «ወይዘሮ ዋኔታ፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ስህተት ሲለቅሙ የሰው ጉሮሮ እየዘጉ መሆኑን ልብ ይበሉ። ካርል ስታዘርስ ሰው ነው። እናት አለው።» እህትም አለው ልል ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ መልሱ መጣ፤ የድምፅ መልእክት ነበር። ዴፖው ውስጥ በሻይ እረፍቴ ላይ ከፈትኩት። ሴትዮዋ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ የማይቸኩል ነው።

«ወይዘሮ ጌይነር፣ መልእክትዎን አየሁት። ልጁን ጠልቼው አይደለም። ስድሳ ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን እንደኛ የሚያወራ ሰው ስጠብቅ ኖሬያለሁ። የኛ አገር ሰው ድራማ ውስጥ ከገባ ወይ ሞኝ ነው ወይ ሬሳ ነው። አሁን ዋናው ሰው ከሜይን ነው ሲባል ሱቄን በጊዜ ዘግቼ፣ ልብስ ቀይሬ ተቀመጥኩ። አፉን ሲከፍት የሌላ አገር ሰው ሆነብኝ። እዚህ ማንም ‹ሃርርበርር› አይልም። ‹ሃባ› ነው የምንለው። መኪናው ‹ካ› ነው። ልጁን ያስተማረው ሰው ያልነበረ ‹ር› ከየት አምጥቶ እንደሰጠው ይጠየቅልኝ።»

ስድስት ጊዜ ሰማሁት። ማንዲን ጠርቼ አሰማኋት፤ አፏን ከፍታ ቀረች። አንድ ነው አልልህም። እሳቸው ቃሉን ይጎትቱታል፣ እኛ እንቆርጠዋለን። «ር»ዋ ግን የለችም። ከባሕሩ ማዶ ያሉት የዓሣ ሰዎችም እንደኛው ትተዋታል። ሮጬ እማዬ ዘንድ ሄድኩ፤ መስሚያዋን ከመሳቢያው አውጥቼ ጆሮዋ ላይ ሰካሁና መልእክቱን ከፈትኩላት። እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ «ይቺ የማን ልጅ ናት? ከሄስል ሮድ በላይ ናት ከታች?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሳቅሁ። ከዚያ ግን ሳቄ ቆመ፤ ነገሩ ገባኝ። አንተ በአንድ ዓመት የአሜሪካንኛ ትምህርት ጥርስህን ነክሰህ የተማርከው ነገር ነው ያበላሸህ። መርማሪ ሃርፐርን ለመሆን የሚያስፈልግህ አባዬ ጋሪውን እየገፋ ያወራ የነበረው ነው። ያ ደግሞ ማንም ሳያስተምርህ አፍህ ውስጥ አለ።

ለዋኔታ ደወልኩላቸው። የሰው ድምፅ ስትሰማ መቆጣት ይከብዳል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንቺ ተባባልን። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሎብስተር፣ ያንን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ፣ ለሚያጠምዱ ሰዎች ገመድና ወጥመድ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። እዚያ ሱቅ የሚገባ ሰው ሁሉ ስለ አንተ ካላወራ አይወጣም። «የሥራ ወኪሉን አድራሻ ልስጥሽና ይህን ድምፅሽን ለካርል ላኪለት» አልኳት።

«አንቺ ለምን አትልኪለትም? በጣም የምታስቢለት ትመስያለሽ» አለችኝ።

«እህቱ ነኝ» አልኳት።

«እንደዚያማ ከሆነ አንቺው ላኪለት።»

«ከእኔ የመጣ ነገር አይከፍትም።»

«ለምን?»

ነገርኳት። እዚህ ማንዲ ብቻ የምታውቀውን ነገር ሦስት ሺህ ማይል ርቃ ላለች፣ ፊቷን አይቼ ለማላውቅ ሴት ነገርኳት። ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ ወይ?» አልኩ። ለካ አፏን በእጇ ይዛ ነው። ስትለቀው ሳቋ ከእኔ ይብሳል። ያን ቪዲዮ አርባ ጊዜ አይታዋለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ የሳቀችበት ቀን የለም አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠና እንዲህ አለች፦

«በይ ስሚኝ ጌይነር። እኔ ድምፄን እልክለታለሁ። ያጠፋሁትንም እነግረዋለሁ፤ ስህተት ብቻ ስቆጥር መንገዱን ሳላሳየው ቀርቻለሁ። አንቺ ደግሞ ለወንድምሽ ደብዳቤ ትጽፊለታለሽ። በስልክ አይደለም፤ በስልክ ከሆነ ትቀልጂና ታልፊዋለሽ። በዚህች በአንዲት ወሬ አውቄሻለሁ።»

እሺ አልኩ። እሷ በዚያው ቀን ቃሏን ጠበቀች። እኔ ይኸው ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ስድስተኛውን ክፍል ትናንት እሁድ ከምሳ በኋላ ክበቡ ውስጥ አየነው። መቶ ሰው ይሆናል። ግማሹ ሊያይ ነው የመጣው፣ ግማሹ ሊስቅ። ትሬቨር ካናቴራውን ለብሶ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሟል። «ሃርርበርር» በተባለ ቁጥር ሁሉም አብሮ እንዲጮህ ተስማምተው ነበር። እማዬን ፊት ለፊት አስቀመጥናት፤ ጽሑፉም እንዲታያት አደረግን።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንተ የለህበትም። ከዚያ ያቺ ልጅ፣ የአጥማጁ ልጅ፣ ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት ጫፍ ላይ ቆማ አባቷን ስትጠብቅ ታየች። አንተ ከኋላዋ መጣህ። ኮፍያህን አወለቅህ። መቶ ሰው አፉን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ልጅቷ ማን እንደሆንክ ጠየቀችህ።

«ሃፓ» አልክ። «ሃባ ፖሊስ።»

ዝግ ብለህ ነው ያልከው፤ እንደ ዋኔታ ሳትቸኩል። ማንም አልጮኸም። ሊጮህ የተነሳ አንድ ልጅ ጓደኛው በክርኑ ጎሸመው። ከዚያ ጀልባው እንደማይመለስ ነገርካት። ስትነግራት ዓይኗን አላየህም፤ ውሃውን ነው ያየኸው። አባዬ ከባድ ነገር ሲናገር እንደዚያ ነበር የሚያደርገው፤ ታውቃለህ፣ ከሰው ፊት ይልቅ የሩቁን ነገር ነበር የሚያየው። ቃሉ የሜይን ነበር፤ አሁን ጆሮዬ ለይቶ ያውቀዋል። ከስሩ ያለው ግን የኛ ቤት ነበር። ዞር ስል ትሬቨር የጃኬቱን ዚፕ ቀስ አድርጎ እስከ አንገቱ ሲዘጋ አየሁት። ካናቴራው ተሸፈነ።

ሲያልቅ ሰው ወዲያው አልተነሳም። እማዬ ብቻ ናት ዞር ብላ «ምን ሆናችሁ? እኔስ ያው እንደ ሌላ ጊዜው ነው ያየሁት፤ ልጄ ሁልጊዜም እንደዚህ ነው የሚናገረው» ያለችው። ያኔ ሁሉም ሳቀ። ጥሩ ሳቅ ነበር።

ዛሬ ጠዋት የዋኔታ ዝርዝር ወጣ። ሜይኖችም እኛም እንደ ምርጫ ውጤት ነው የጠበቅነው። አንድ ቁጥር ብቻ አለበት። «ሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ‹ሎብስተር› ሲል ትንሽ ቸኩሏል። አንድ።» ከስሩ ደግሞ «ከዚህ በላይ ማግኘት አልቻልኩም፤ ፈልጌ ነበር» ብላ ጽፋለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ሽልማት ነው፤ ፍሬም አሠርተህ ስቀለው።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቋርጬ ነበር፤ ስልኩ ጮኸ።

አንተ ነበርክ።

ሰዎች እንዴት ወደዱት ብለህ ልትጠይቅ ነው የደወልከው፤ ከሦስት ወር ዝምታ በኋላ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። በግራ እጄ ስልኩን፣ በቀኜ ይህን ወረቀት ይዣለሁ። ስለ ክበቡ፣ ስለ ትሬቨር ዚፕ ነገርኩህ። ሳቅህ። ከዚያ «ካርል፣ አንድ ነገር ልንገርህ» ስል ያልከኝን አንተም ታስታውሰዋለህ፤ ግን ወረቀቱ ላይ እንዲቀር እጽፈዋለሁ።

«ስለ ሳቁ ከሆነ አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያዋ ሰከንድ። ጌይነር፣ ያን ሳቅ በመታጠቢያ ቤት በር በኩል ስሰማ ነው ያደግሁት። ሁለት ሚሊዮን ሰው ባያውቀው እኔ አላውቀውም?»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ወር ሙሉ እንደተናደድክብኝ ነገርከኝ። ቀጥሎ ሁለት ወር ሳትደውል መቆየትህ ራስህን አሳፍሮህ እንዴት እንደምትጀምር ጠፋህ። ድምፅህን ሊተኩት ነው የተባለውም እውነት ነበር። የዋኔታ መልእክት ሲደርስህ ሆቴል ክፍልህ ውስጥ ብቻህን ሆነህ ስትሰማው አባዬ የመጣ ነው የመሰለህ። አዘጋጆቹ ዘንድ ሄደህ ሦስት ቀን ብቻ ስጡኝ ብለህ ለምነህ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ተዘግተህ የስድስተኛውን ክፍል ንግግር ሁሉ በራስህ ድምፅ እንደገና ቀዳኸው። አድራሻውን ለዋኔታ የሰጣት ማን እንደሆነም ጠይቀሃት ነበር። አልነገረችህም። «እሱን በደብዳቤ ትሰማዋለህ» ብቻ ነው ያለችህ። ጉድ ሴት ናት።

ከዚያ እኔ ስለ አባዬ ሕመም፣ ስለዚያ ዓመት የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም። በስልክ ከሆነ ትቀልጂና ታልፊዋለሽ ያለችው ዋኔታ በዚህኛው ተሳስታለች፤ አልቀለድኩም። አንተም ሰበብ አላበዛህም። «አውቃለሁ፤ አንቺ እዚያ ስለነበርሽ ነው እኔ መሄድ የቻልኩት» አልክ፤ ይህን ለመስማት አራት ዓመት ጠብቄያለሁ። የምድጃው እጀታ ላይ በተንጠለጠለው ፎጣ ፊቴን ጠረግሁ።

አሁንማ ተነጋግረናል፣ ደብዳቤውን ልቅደደው ስልህ «እንዳታደርጊው! ጨርሰሽ ላኪው፤ በእጅ ጽሑፍሽ እፈልገዋለሁ» አልከኝ። ይኸው እየጨረስኩት ነው።

ያልነገርኩህ አንድ ነገር ቀርቷል። ዋኔታ ጋብዛናለች። ሴፕቴምበር አሥራ አራት እንመጣለን፣ እኔና እማዬ። ፓስፖርት አውጥተናል። እማዬ ለፎቶው አትሳቂ ሲሏት ተናዳ «ታዲያ ማን መሆኔ በምን ይታወቃል?» ብላቸዋለች። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ልትሳፈር ነው፤ የሚያሳስባት ግን እዚያ ሻዩን በምን እንደሚያፈሉት ነው። ዋኔታ ከሱቋ በላይ ሁለት ክፍል አላት፤ አንተም ሥራህ ሲፈቅድልህ ትመጣለህ። ሎብስተር እንበላለን። እዚያ ሱቅ የሚገቡት ሰዎች ሊያዩህ አሁኑኑ ተራ እየያዙ ነው አሉ። ስታወራ አንድ በአንድ ያርሙሃል፤ ተዘጋጅ።

እኔ ጨዋ እሆናለሁ ብዬ ቃል አልገባልህም። የምገባልህ ቃል ይህ ነው፦ ከእንግዲህ በአንተ ስስቅ በር ኋላ ሆኜ ወይም በሰው ስልክ ተሸሽጌ አይደለም። ፊት ለፊትህ ቁጭ ብዬ፣ ዓይንህን እያየሁ ነው።

እህትህ
ጌይነር